እንዴት ይሠራል? ቢላ የሚያረጀው በእጀታው በኩል ነው

በዓል ሲቃረብ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ቢላ ያልወጣበት ቤት የለም። ለመስቀል ክትፎ የሚከትፈው፣ ለአረፋ በግ የሚያርደው፣ ለፋሲካ ዶሮ የሚገነጣጥለው ሁሉ መሳቢያውን ይበረብራል። ቢላ የሚስሉ ሰዎችም ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በየመንደሩ ሲዞሩ ይውላሉ። ከእነሱ አጠገብ ትንሽ ቆሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። የደነዘ ስለት በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል፤ የተቆለመመ ጫፍ ይቃናል፤ ዝገትም በሞረድ ይጠራል። እጀታው የሚወላልቅ ቢላ ሲመጣ ግን ሞራጁ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ቢላ ወይ በጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰነብታል፣ ወይ ለቁራሌው ይሰጣል።

ነገሩ የሚመጣው ከጠባይ ልዩነት ነው። ብረት ውሃ አይጠጣም፤ እንጨት፣ ቀንድና አጥንት ግን ይጠጣሉ። ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ቢላው ታጥቦ በደረቀ ቁጥር በብረቱና በእጀታው መካከል ያለችው ክፍተት በጥቂቱ ትሰፋለች። በክፍተቷ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ውሃው ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እጀታውን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። የድሮ ሰንጢ፣ ጩቤና የማጀት ቢላ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ከስለቱ በፊት እጀታውን ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ስለት በየጊዜው እየተሳለ አዲስ ይሆናል፤ ቢላው የት እንደኖረና ምን እንደሠራ የሚታየው በእጀታው ላይ ነው።

ብረቱና እጀታው እንዴት ይጋጠማሉ?

መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የተሰካ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ሲያወጣ ከኋላው ቀጭን ጭራ ያስቀራል፤ ማጭድም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ጭራውን በከሰል ፍም ያግለውና አስቀድሞ በእጀታው መሃል በበሳው ጠባብ ቀዳዳ ይሰደዋል። የጋለው ብረት እያጨሰና እያቃጠለ የራሱን ቅርጽ ቆፍሮ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም ጥርቅም ይላል። በአንገቱ ላይ የናስ፣ የቆርቆሮ ወይም የሽቦ ቀለበት ይታሰርለታል፤ ቀለበቱ የገባው ለጌጥ ሳይሆን እንጨቱ ከጫፉ እንዳይሰነጠቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጭራው ሲግል ስለቱ በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠቀለለ ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ስለቱ ጋ ይደርሳል። ጠራ ያለው ብረት መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወደ ሐምራዊ፣ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይቀየራል። ወደ ሰማያዊ የዞረ ስለት ጥንካሬው ቀንሷል፤ የፈለጉትን ያህል ቢስሉት ቶሎ ይደንዛል።

ሁለተኛው መንገድ ብረቱን እስከ እጀታው ጫፍ አዝልቆ በግራና በቀኝ ሁለት ቁራጭ እንጨት፣ ቀንድ ወይም አጥንት መለጠፍ ነው። ቁራጮቹ በትራፓኖ ተበስተው በሁለት ወይም በሦስት ችንካር ይያያዛሉ፤ የችንካሩ ጫፍም በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል። ይህ ጠንካራ ነው፤ ጭራው ውስጥ ለውስጥ ዝጎ በድንገት የሚቀነጠስበት ሁኔታ የለም። ችግሩ በሁለቱ ቁራጮችና በብረቱ መካከል የሚሾልከው ውሃ ነው።

ሦስተኛው ሰንጢ ነው፤ ከሁሉም የሚራቀቀው እሱ ነው። በእጀታው ጀርባ በኩል ርዝመቱን ይዞ የተኛ ቀጭን ብረት አለ፤ እሱ ሞላው ነው። ስለቱ በአንድ ችንካር ላይ ይዞራል። ሲከፈት የስለቱ ተረከዝ ሞላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሞላው ይለጠጥና ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ተረከዙ ላይ ባለችው ጠፍጣፋ ቦታ ያርፋል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያኔ ይሰማል። እንዲህ ዓይነቱ ሰንጢ አይቆለፍም፤ ስለቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የሞላው ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በጫፉ እየወጉ መሥራት አደገኛ ነው፤ ሞላው ከተረታ ስለቱ በጣት ላይ ይታጠፋል።

ሰንጢ ከሌላው ቢላ ሁሉ በላይ ጨዋ እጀታ ይፈልጋል። ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው እጀታው ጥቂት ቢያብጥ ስለቱን ያንቀዋል። በፈረንሳይ ሳቮይ ከ1890 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሠራው የታወቀው ኦፒኔል ሰንጢ እጀታው አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው። እርጥበት ሲያገኘው እንጨቱ ስለቱን ጨምድዶ ይይዛል፤ የአገሩ ሰዎች ታዲያ የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ያደርጉና ስለቱ ብቅ ሲል ይስቡታል። የስዊስ መኮንኖች ሰንጢ የሚባለው፣ በ1897 እ.ኤ.አ የተመዘገበው ባለ ቀይ እጀታ፣ ዛሬ በፕላስቲክ የሚሸፈነውም ፕላስቲክ ከውሃ ጋር ጠብ ስለሌለው ነው።

እንጨት፦ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍ

እንጨት የቀጫጭን ገለባዎች እስር አድርገን ብናስበው ጠባዩ ይገባናል። ውሃ በገለባዎቹ ጫፍ በቀላሉ ይገባል፣ በጎናቸው ግን ይቸገራል። ውሃ ሲሞላባቸው በውፍረት እንጂ በርዝመት አይጨምሩም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይቀንስም፤ በወርዱ ግን እንደ ዛፉ ዓይነት ከመቶ አምስት፣ ከመቶ አሥር ሊኮማተር ይችላል። ጥሩ ባለሙያ የእንጨቱን ጅማት ከስለቱ አቅጣጫ ጋር አስተካክሎ የሚጠርበው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ጅማቱ ወደ ጎን የተኛ እጀታ ቢገዙ በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ መካከል ችንካሩ አካባቢ ይሰነጠቃል።

በአገራችን ለእጀታ ከሚያገለግሉት እንጨቶች ወይራን የሚያህል ጥቂት ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድና ቅባት ያለው ነው፤ በዝግታ ስለሚያድግ ጅማቱ የታመቀ ነው። ለከዘራ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። በኮልፌ ወይራ ሰፈር የሚባል መንደር ቢኖርም እጀታ የሚሆን ወይራ ፍለጋ አሁን ሩቅ መሄድ ግድ ነው፤ በብዙ ቦታ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነውና። ታዲያ የድሮ የወይራ እጀታ ያለው ቢላ ያገኘ ሰው ብረቱ ቢያልቅ እንኳ እጀታውን አይጥልም። መለያው ቀላል ነው፤ በቢጫና በቡናማ መካከል ባለው መደብ ላይ ጠቆር ያሉ የተጥመለመሉ መስመሮች አሉት፤ እጅ ሲያለሰልሰውም እንደተወለወለ ያበራል።

ዋንዛ ሌላ ነው። ቀላልና ለመጥረብ የተመቸ ስለሆነ ለበርና ለቤት ዕቃ ተወዳጅ ነው፤ ለቢላ ግን ይለሰልሳል። ችንካሩ ቀዳዳውን ቶሎ ያሰፋዋል። የዋንዛ እጀታ ያለው ቢላ ደረቅ ሥራ ላይ ይኖራል እንጂ ማጀት ውስጥ አይበረክትም።

ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለ ብዙ መጥረቢያና ብዙ ቢላ የሱን እጀታ ለብሷል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ካለበሳት ወዲህ ኮልፌ አጠና ተራን የመሰለ ሰፈር ሙሉ የሚነግድበት እንጨት ሆኗል። ዛፉ ቆሞ ሳለ በግንዱ ውስጥ ከፍተኛ ውጥረት አለ፤ ሲቆረጥና ሲደርቅ ውጥረቱ ይፈታና እንጨቱ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ የተጠረበ የባሕር ዛፍ እጀታ መጀመሪያ ጥብቅ ይመስልና በወራት ውስጥ ይላላል። አንድ ዓመት በጥላ ሥር ከደረቀ ግን የሚናቅ አይደለም።

የብረት ችንካር ያለውን አሮጌ የእንጨት እጀታ ብርሃን ላይ ይዘው ቢመለከቱ በችንካሩ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ያያሉ። ብዙ ሰው ቃጠሎ ይመስለዋል፤ አይደለም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው፣ ቆዳ ለማልፋትም የሚያገለግለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይፈጥራል። ቀለበቱ ሰፊ ከሆነ ቢላው ብዙ ውሃ አይቷል ማለት ነው። ችንካሩ የናስ ወይም የመዳብ ከሆነ ጥቁረቱ አይኖርም፤ የድሮ ባለሙያዎች ናስ ሲያገኙ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀንድ፦ በሙቀት የሚታዘዝ

ቀንድ ከእጀታዎች ሁሉ ብዙ የሚያስወራ ነው። የበሬ፣ የበግና የፍየል ቀንድ ከላይ የምናየው ሽፋን ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ጥፍራችንና ፀጉራችንም የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ከሽፋኑ ሥር ከራስ ቅል የሚቀጥል አጥንት አለ። ባለሙያው መጀመሪያ ሁለቱን ይለያያል፦ ቀንዱን ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል ወይም ይቀቅለዋል፤ የሚያያይዛቸው ሥጋ ሲበሰብስ አጥንቱ ተነቅሎ ይወጣል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ይህን ሥራ ጎረቤት አይወደውም።

ባዶ የሆነው የቀንዱ ክፍል ዋንጫ ይሆናል፤ እንደ ራያ ያሉ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች ለዚህ ታዋቂ ናቸው። ለእጀታ የሚፈለገው ግን ጫፉ ነው። ጫፉ አጥንት ስለማይደርስበት ድፍን ነው፤ አንድ ቀንድ ከአንድ በላይ ጥሩ የተሰካ እጀታ አይወጣውም። ለሰንጢና ለተለጣፊ እጀታ ደግሞ ባዶው ክፍል ተሰንጥቆ ይዘረጋል። እዚህ ላይ ነው የቀንድ ትልቁ ምስጢር ያለው። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በተጫነበት ቅርጽ ከቀዘቀዘም ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሰው ፕላስቲክ ከመሥራቱ በፊት የነበረው ፕላስቲክ እሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን በቤት ለመሞከር የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል ደረጃ እንደሚሆነው 100 አይደርስም። ስለዚህ ቀንድ እዚህ በውሃ ብቻ ቀቅሎ ማለስለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ባለሙያዎች ከቀቀሉት በኋላ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጡ የሚያሞቁት፣ ወይም ከውሃ ይልቅ በጋለ ዘይት የሚነክሩት ለዚህ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ቀንዱ ይነጣል፣ ይፋፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ሽታም ያመጣል። በትክክል የሞቀው ቁራጭ በጉጠት ተይዞ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል ይጨመቃል፤ እስኪበርድ አይለቀቅም። ቶሎ ከተለቀቀ ወደ ድሮው ጥምዝ ይመለሳል።

የቀንድ ድክመቱም ከዚሁ ጠባዩ ይመጣል። የተገነባው በንብርብር ነው፤ ውሃ ጠጥቶ በፀሐይ በደረቀ ቁጥር ንብርብሮቹ ከጠርዙ ጀምሮ ይላቀቃሉ። ፈላ ውሃ ውስጥ የገባ የቀንድ እጀታ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ሌላው ጠላቱ ብል ነው። ሱፍ ልብስ የሚበላው ብል ኬራቲን የሚፈጭ ሆድ ስላለው ቀንድንም ይበላል። በሳጥን ታሽጎ የቆየ የቀንድ እጀታ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጉድጓዶችና ቦዮች አብዛኛውን ጊዜ የሱ ሥራ ናቸው።

አጥንት፦ ጠንካራ ግን ግትር

አጥንት ሲታይ ከቀንድ ጋር ዘመድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሦስተኛው የካልሲየምና የፎስፈረስ ማዕድን ነው፤ የቀረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ኮላጅኑ ደግሞ ወዲያው እንዳይሰበር ይይዘዋል። በሙቀት አይለሰልስም፣ አይታጠፍም፤ ስለዚህ የአጥንት እጀታ ተጨምቆ ሳይሆን ተሞርዶ ነው ቅርጽ የሚይዘው። የሚመረጠው የበሬ ወይም የግመል ቅልጥም ነው፤ ግድግዳው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነውና።

የአጥንት ሥራ ግማሹ ቅባቱን ማውጣት ነው። መቅኔው ተጠርጎ አጥንቱ በሳሙና ወይም በሶዳ ውሃ ቀስ ብሎ ይቀቀላል። ይህን የዘለለ ሰው እጀታው በዓመቱ ቢጫ እየሆነ፣ በሙቀት ጊዜም ቅባት እያላበ ያስቸግረዋል። በጣም ከተቀቀለ ደግሞ ኮላጅኑ ይወጣና አጥንቱ የሚፈረፈር ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ አጥንት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና አጫጭር ጭረቶች አሉ፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ ደም ይመላለስባቸው የነበሩ ቱቦዎች አፍ ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ የእጅ ወዝና ቆሻሻ ስለሚገባባቸው በአሮጌ እጀታ ላይ ይበልጥ ይጎላሉ። የአጥንት እጀታ ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ ሲሚንቶ ካገኘው ችንካሩ ላይ ይሰነጠቃል፤ ለክትፎ ቢላ የማይመከረው ለዚህ ነው።

የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ፦ ለማወቅ እንጂ ለመግዛት አይደለም

የመሳፍንትና የመኳንንት ጎራዴና ሾተል እጀታ ብዙ ጊዜ የአውራሪስ ቀንድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ብዙዎቹ ስለቶች ከጀርመኗ ዞሊንገንና ከእንግሊዙ ዊልኪንሰን ይመጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ላይ የአንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። ብረቱ ከአውሮፓ፣ እጀታው ከአገር ቤት ማለት ነው። የአውራሪስ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ በአጥንት ላይ የተሸፈነ ሳይሆን ከሥር እስከ ጫፍ የታመቀ የኬራቲን ጭረት ነው። ስለዚህ ድፍን ነው፣ ትልቅ ሆኖ ሊጠረብ ይችላል፣ ስስ ጠርዙም ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ማር ይቀላል። የመን ውስጥ የጃምቢያ ጩቤ እጀታ ለማድረግ የነበረው ፍላጎት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ የምሥራቅ አፍሪካን አውራሪስ ካመናመኑት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

የዝሆን ጥርስ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ጥርስ ነው። በተቆረጠው ጫፉ ላይ እርስ በርስ የሚሻገሩ ቀጫጭን የጥምዝ መስመሮች ይታያሉ፤ በአጥንትም በፕላስቲክም ላይ እንዲህ ያለ የለም። የጥርሱ ዓለም አቀፍ ንግድ በ1989 እ.ኤ.አ ታግዷል፤ ኢትዮጵያም በመጋቢት 2007 ዓ.ም ያከማቸችውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳት ውጤት መያዝንና መነገድን ይከለክላል። የዋልያ ቀንድም እዚሁ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን እጀታ ለማየት ስድስት ኪሎ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየምና ብሔራዊ ሙዚየም ይበቃሉ።

ገበያ ላይ እንዴት ይለያል?

ኮልፌ ገበያ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፣ ይቺ ሰንጢ እጀታዋ ምንድን ነው?»

«ቀንድ ነዋ ልጄ! የሰንጋ ቀንድ። እንደሷ ያለ አሁን የት ይገኛል?»

«በስልክ መብራት ልያት?»

«እያት፣ ምን ቸገረኝ።»

ስልኩን ከኋላ ሲያበሩበት እውነተኛ ቀንድ ከሆነ ስሱ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥቁርና ቡናማው ቀለምም ጥልቀት ያለው ሆኖ እየተሳበ ይታያል። ፕላስቲክ ከሆነ ወይ ምንም አያሳልፍም፣ ወይ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ያሳልፋል። ቀጥሎ የጀርባና የሆድ ጠርዙን በጥፍር ይዳስሱ፤ ሁለት ቅርጽ ማውጫ የተጋጠመበት ቀጭን መስመር ካለ ፕላስቲክ ነው። ጉንጭ ላይ ሲያደርጉት አጥንት ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክና ቀንድ ሞቅ ይላሉ። ሱቅ ውስጥ ብር መፈተሻ መብራት ካለ አጥንት በሱ ሥር ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ደግሞ ደብዛዛ ይሆናል ወይም ሌላ ቀለም ያወጣል።

የጋለ መርፌ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ጠባሳ ስለሚተው የራስዎ ባልሆነ ቢላ ላይ አይሞከርም። በማይታይ ቦታ ሲነካ ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ የላስቲክ ሽታም ያመጣል፤ አጥንት መርፌውን አያስገባም።

ፕላስቲክ ነው ማለት ግን ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ባኬላይት የተባለው የመጀመሪያው ሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ በ1907 እ.ኤ.አ ተፈልስፎ በዓለም የተሰራጨ ነው። ከሱ የተሠራ እጀታ አይቀልጥም፣ አያብጥም፣ ቢወድቅ ግን እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። ዛሬ ሥጋ ቤቶች የሚይዙት ነጭ እጀታ ያለው ቢላም ፕላስቲክ የሆነው በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚታጠብ ነው። ችግሩ ቅቤ ሲነካው ማንሸራተቱ ነው፤ ክትፎ የሚከትፍ ሰው ጫፉ ሰፋ ብሎ የወጣ እጀታ የሚመርጠው እጁ ወደ ኋላም ወደ ስለቱም እንዳይሸሽ ነው።

ከምን ልጀምር?

ለጀማሪ የሚበጀው ከቤት መጀመር ነው። ከአያት የቀረ የማጀት ቢላ፣ የብርቱካን መላጫ ሰንጢ፣ የቆዳ አፎት ያለው ጩቤ፣ ከአፋር የመጣ በወገብ የሚታጠቅ ጊሌ፤ አራቱ ብቻ አራት የተለያየ የእጀታ ትምህርት ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ቢላ በተለያየ እጀታ፣ ወይም አንድ ዓይነት እጀታ በተለያየ ቢላ መሰብሰብ ይቻላል። ንጽጽሩ የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

የፋብሪካ ሰንጢ ስለቱ ሥር ማኅተም አለው፤ የአገር ቤት ቢላ ግን በአብዛኛው የሠሪው ስም የለበትም። ይህ የራሱ ታሪክ አለው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነበር። ሥራው እየተፈለገ እሱ የሚሰደብ ሰው ስሙን በብረት ላይ ባይቀርጽ አያስደንቅም። ስለዚህ ሰብሳቢው ፊርማ የሚፈልገው በሌላ ቦታ ነው፤ በቀለበቱ አጠማዘዝ፣ በችንካሩ አደፈጣጠጥ፣ በእጀታው ጫፍ አቆራረጥ። ብረቱ ራሱ የመኪና ባሌስትራ ከሆነም አንዳንዴ ጀርባው ላይ የድሮው ጥምዝ ርዝራዥ ይታያል። እያንዳንዱ ቢላ ከየት እንደተገኘ፣ ማን እንዴት ይጠቀምበት እንደነበረ በደብተር ካልተጻፈ ወሬው ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የጥንት ጎራዴና ጩቤ ቅርስ ሊሆን ስለሚችል በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ከመላክ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰንጢም የቤት ስብስብ ነው፤ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ፍተሻ ባለበት ከተማ በኪስ ይዞ መዞር ጣጣ ያመጣል።

እንዲቆይ ከፈለጉ

የመጀመሪያው ሕግ አለመዘፍዘፍ ነው። ቢላውን በእጅ አጥበው ወዲያው ያድርቁት። ለእንጨት እጀታ የተልባ ዘይት የሚመረጠው አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ስለሆነ ነው፤ የኑግ ዘይትም ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፓልም ዘይት አይደርቅም፤ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። በስሱ ቀብተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፣ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩ፣ ይድገሙት። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨምቀው ጥግ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ቀንድ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ስስ ቫዝሊን ይበቃዋል፤ ቅቤ ግን ይከረፋል፣ ብልም ይጠራል። አጥንት ዘይት አይፈልግም፤ ቀለሙን ይቀይረዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ በቂ ነው። ሰንጢ ደግሞ መዞሪያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ማንኛውንም ቢላ በቆዳ አፎቱ ውስጥ ለዓመታት አያቆዩ፤ ቆዳው እርጥበት ይስብና ብረቱን ያዝገዋል፣ የናስ ቀለበቱንም አረንጓዴ ያደርገዋል።

እጀታው ከላላ ጊዜ ሳይሰጡ ማስጠገን ነው። የተሰካ ከሆነ ጭራው ተነቅሎ ዝገቱ ይጠራል፣ ቀዳዳው ተጠርጎ ይደርቃል፣ በኮላ ተሞልቶ እንደገና ይሰካል። በችንካር ከሆነ አሮጌው ችንካር ተበስቶ ይወጣና በናስ ይተካል። እንጨቱ የበሰበሰ ከሆነ ለዕለት ሥራ የሚሆነው ምርጫ ግልጽ ነው፦ የደረቀ ወይራ፣ ጅማቱ ወደ ስለቱ አቅጣጫ የተኛ፣ በናስ ችንካር የታሰረ። ቀንድና አጥንት ውሃ በማይበዛበት ሥራ ላይ ያሉ፣ ለማየትም ለመያዝም የሚያምሩ ናቸው። የተለወጠ እጀታ ነውር አይደለም፤ በአገራችን ጥሩ ብረት ሁለትና ሦስት እጀታ ማስረጀቱ የተለመደ ነው። ሰብሳቢ ከሆኑ ግን አሮጌውን ከቀየሩበት ቀን ጋር በፖስታ አድርገው ከቢላው ጋር ያስቀምጡ፤ በብዛት ውሃ፣ ሙቀት ወይስ ብል እንደጎዳው እየመዘገቡ ሲሄዱ ቀጣዩን እጀታ ከምን እንደሚያሠሩ ከማንም ምክር ሳይጠይቁ ይወስናሉ።